ከችግኙ ዕድሜ ያጠረ ውል፦ የአረንጓዴ ሥፍራ ሥራ ለሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የመናፈሻ፣ የግቢና የመንገድ ዳር አረንጓዴ ሥፍራ ሥራ የምታሠሩ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ኃላፊዎች፤
የተከበራችሁ የግዥ ክፍል ባለሙያዎችና የጨረታ ሰነድ አዘጋጆች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በመናፈሻና በግቢ ማስዋብ ሥራ የሚተዳደሩ ባልደረቦቼን ወክዬ ነው። ለመጻፍ ያስገደደን አንድ ውሳኔ ነው። ስንንከባከበው የቆየነው መናፈሻ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት፣ የእንክብካቤው ውል ከእንግዲህ በየወቅቱ እንደ አዲስ ለጨረታ እንዲቀርብ፣ አሸናፊውም በዝቅተኛ ዋጋ ብቻ እንዲለይ ወሰነ። አዲሱ አሸናፊ ነባሮቹን ሠራተኞች የመቀበል ግዴታ አልተጣለበትም። ዝናቡ አቁሞ ችግኞቹ ውኃ የሚያጠጣቸው ሰው በጣም በሚሹበት ሰሞን ቡድናችን ተበተነ። ከመካከላችን ጥቂቶቹ ከቀድሞው ባነሰ ክፍያ ተመልሰው ተቀጠሩ፤ የቀሩት ሥራ ፍለጋ ወጡ። እኛ የተከልናቸውን ዛፎች አሁን የሚንከባከቡት መቼና እንዴት እንደተተከሉ ያልተነገራቸው ሰዎች ናቸው።

ውሳኔው የአንድ መሥሪያ ቤት ሆኖ ሳለ ደብዳቤው ለሁላችሁም የተጻፈው፣ በሌሎች ቦታዎች የሚሠሩ የሙያ ጓደኞቻችንን ስናነጋግር ያው ታሪክ ስለሚደጋገም ነው። ከዚህም በላይ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን እንደ አሠሪያችን አትቆጥሩም። አቤቱታ ይዘን ስንመጣ «የቀጠራችሁ ተቋራጩ ነው፤ ወደ እሱ ሂዱ» ትሉናላችሁ። ደመወዙን በእጁ የሚሰጠን ተቋራጩ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስንት ሰው ለስንት ጊዜ እንደሚያስፈልግ፣ የደህንነት መሣሪያ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱን፣ ችግኝ በየትኛው ወር እንደሚተከል፣ ሥራው መቼ ተጠናቀቀ እንደሚባል የሚወስነው እናንተ የምታዘጋጁት ሰነድ ነው። ተቋራጩ የሚወዳደረው በሰነዱ ውስጥ ባገኘው ነገር ነው። በሰነዱ የሌለ ነገር በእኛም ሕይወት ውስጥ አይኖርም። ስለዚህ ቅሬታችንን የምናቀርበው ለእናንተ ነው።

የመጀመሪያውና የሌሎቹም ሁሉ ምንጭ የሆነው ቅሬታችን የውሉ ዕድሜ ነው። ከችግኝ ማፍያ ሜዳ ተነቅሎ የመጣ ዛፍ አብዛኛውን ሥሩን እዚያው ጥሎ ይመጣል። የተረፈው ሥር ቅጠሉ የሚፈልገውን ውኃ ለማድረስ እንደገና አድጎ በአዲሱ አፈር ውስጥ መዘርጋት አለበት። በመካከለኛ የአየር ጠባይ የሚሠሩ የዛፍ ባለሙያዎች በልምድ የሚጠቀሙበት ስሌት፣ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የግንድ ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይሰጣል። ሙቀት በበዛበት አካባቢ ጊዜው ያጥራል፤ ሆኖም ጠና ያለ ግንድ ያለው ዛፍ በአንድ ወቅት ውስጥ ራሱን ይችላል ብሎ የሚያስብ አትክልተኛ አላውቅም። እናንተ ግን ችግኙ በተተከለ ማግስት ቆጥራችሁ ትረከባላችሁ፣ ከዚያም ለጥቂት ወራት የሚቆይ የእንክብካቤ ውል ትሰጣላችሁ፣ ወራቱ ሲያልቁ ሌላ ጨረታ ታወጣላችሁ። በወረቀታችሁ ላይ ሥራው የሚያበቃው መትከሉ ላይ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ሥራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ቡድናችን ሲበተን የሆነውን ልንገራችሁ። የውኃ ማጠጣቱን ሥራ የያዙት አባት፣ የመናፈሻው የላይኛው ክፍል አሸዋማ አፈር ስላለው ውኃ ቶሎ እንደሚያልፍበት፣ የታችኛው ደግሞ ሸክላማ ስለሆነ ውኃ እንደሚቋጥር ያውቁ ነበር። ለላይኛው ቶሎ ቶሎ፣ ለታችኛው አልፎ አልፎ ያጠጡ ነበር። ይህን እውቀት በጽሑፍ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ሲሰናበቱም ይዘውት ሄዱ። የተተኩት ሠራተኞች ሁሉንም ቫልቭ እኩል ከፈቱ። ከታች ያሉት ተክሎች ሥራቸው በውኃ ታፍኖ ቢጫ ሆኑ፣ ከላይ ያሉት ደረቁ። በዚያው ሰሞን የመስኖ ቱቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያሳይ ንድፍ ስላልተረከቡ ዋናውን መስመር በዶማ በሱት። አዲሶቹን ሠራተኞች አልወቅስም። እኛም በሌላ ቦታ እንደ እነሱ አዲስ ሆነን፣ የማናውቀውን ቧንቧ እየፈራን ቆፍረናል።

የአጭር ውል ሌላ ጉዳት ደግሞ ከእናንተ ዓይን የተሰወረ ነው። በሙያችን የሚፈጸም ስሕተት ቶሎ አይታይም። ዛፍ ሲተከል ግንዱ ወደ ሥር የሚሰፋበት ቦታ ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። ያ ቦታ በአፈር ወይም ግንዱ ላይ እንደ ቁልል በተከመረ ጉዝጓዝ ከተቀበረ ቅርፊቱ ይበሰብሳል፣ ሥሮችም ግንዱን እየዞሩ ያንቁታል። ዛፉ ግን ለዓመታት ለምለም መስሎ ይቆማል። ቅርንጫፍ ሲገረዝም ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን እብጠት ሳይነኩ ከእሱ ውጭ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ከግንዱ እኩል ከተላገ ቁስሉ በወጉ አይድንም፣ ብስባሹም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይህ ሁሉ የሚታወቀው ውሉ ካለቀና ለሥራው ዋስትና የተያዘው ገንዘብ ለተቋራጩ ከተመለሰ በኋላ ነው። እናም በጥድፊያ ሠርቶ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተቋራጭ የሚጠየቅበት ቀን አይመጣም፤ ጊዜ ወስዶ በትክክል የሚሠራው ደግሞ ጨረታውን አያሸንፍም። እንዲህ ባለ ውድድር ውስጥ ጥሩ አትክልተኛ መሆን ዋጋ የማያወጣ ነገር ሆኗል። ለወጣት ሠራተኞች ትክክለኛውን አሠራር ሳስተምር «ይህን ማን ያየዋል?» ብለው ሲጠይቁኝ የምሰጣቸው መልስ ያጥረኛል።

ሁለተኛው ቅሬታችን ሥራው ለእኛ የሚደርስበትን ሁኔታ ይመለከታል። በግንባታ ፕሮጀክት ውስጥ የአረንጓዴው ሥራ የመጨረሻው ነው። ሕንፃው ሲዘገይ የሚያጥረው የእኛ ጊዜ ነው፤ ሕንፃው ከተያዘለት በጀት ሲያልፍ የሚቀነሰው የእኛ በጀት ነው። ከባድ ተሽከርካሪ ለወራት ሲመላለስበት የቆየ፣ ዶማ የማይገባው ጠጣር መሬት እንረከባለን። ከሥሩ የሲሚንቶ ፍርፋሪ፣ የሽቦ ቁርጥራጭና የጡብ ስባሪ አለ። በሥራ ዝርዝሩ ላይ «ለም አፈር መሙላት» የሚል መስመር ቢኖርም፣ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ስለዋለ አፈሩ ሳስቶ ይፈስሳል። በላዩ ላይ ሣር ምንጣፍ ተዘርግቶ ይመረቃል። ሥሩ ፍርስራሹ ጋ ሲደርስ ሣሩ በየቦታው ይመለጣል፣ «አትክልተኞቹ አላጠጡም» የሚል ሪፖርትም ይጻፋል።

የምረቃ ቀን ከዝናብ ወቅት ይበልጥ ተሰሚነት ያገኘበት ሥራ ብዙ አይተናል። በጣም ደረቅ በሆነው ወር ትላልቅ ዛፎች በሌሊት በመኪና መብራት እንድንተክል ታዘናል። የሚጸድቁበት ዕድል ጠባብ መሆኑን ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ተናግረን «ለዕለቱ ይቁሙ እንጂ» የሚል መልስ አግኝተናል። ሌሊቱን ሙሉ ሠርተን ጠዋት ከግቢው እንድንወጣ የተደረግነው እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ነበር። ያ ሌሊት እንደ ትርፍ ሰዓት አልተቆጠረልንም።

ሦስተኛው ጉዳይ የሙያ እድገት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ወጣቶች ከሥራችን የሚሸሹበት ዋነኛ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በእኛ ዘርፍ የገባ ሰው ከዓመታት በኋላም በገባበት የክፍያ እርከን ላይ ይገኛል። ንድፍ አንብቦ መሬት ላይ ቀዶ የሚያሳየው፣ ውኃ ከሕንፃው እንዲርቅ ተዳፋቱን የሚለካው፣ የመስኖውን ግፊት አይቶ የትኛው መርጫ እንደተደፈነ የሚያውቀው፣ የቅጠሉን መልክ አይቶ በሽታውን ከውኃ ጥማት የሚለየው ሰው፣ ትናንት አካፋ ከያዘው ጋር በአንድ የደመወዝ መስመር ላይ ይሰለፋል። ውሉ ሲያልቅ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ወረቀት፣ ከተሰጠው፣ «በጉልበት ሥራ ተሰማርቶ ነበር» ከማለት አያልፍም። ያን ወረቀት ይዞ በሌላ ቦታ ሲወዳደር እንደገና ከታች ይጀምራል። በየወቅቱ አሠሪ ስለሚቀያየርም ያገለገለበት ዘመን ተደምሮ የሚቆጠርበት መዝገብ የለውም፤ ፈቃዱም፣ ጡረታውም፣ የእርከን ጭማሪውም ከአዲሱ ተቋራጭ ጋር ሁልጊዜ ከዜሮ ይነሣል።

ይህ የሥራው ተፈጥሮ አይደለም። በጀርመን አትክልተኝነት የ3 ዓመት መደበኛ ሥልጠና ያለው ሙያ ነው፤ ሠልጣኙ በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት እየተፈራረቀ ይማራል፣ የአትክልት ሥፍራና የመልክዓ ምድር ግንባታ ከሙያው ዘርፎች አንዱ ነው፣ ከዚያ በኋላም እስከ ሙያው ሊቅነት (ማይስተር) ማዕረግ የሚያደርስ መንገድ አለው። በጃፓን መንግሥት ራሱ በሦስት ደረጃ የሚፈትነው የአትክልት ሥፍራ ግንባታ ሙያ ፈተና አለ፤ ተፈታኙ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የቀርከሃ አጥርና የድንጋይ መረገጫ ያላት ትንሽ የአትክልት ሥፍራ በእጁ ሠርቶ ያሳያል። በዓለም አቀፉ የዛፍ እንክብካቤ ማኅበር የሚሰጠው የባለሙያነት ምስክር ወረቀት ቢያንስ የ3 ዓመት የሙሉ ጊዜ ልምድን ለፈተና መቀመጫ አድርጎ ይቀበላል፣ በየ3 ዓመቱም ይታደሳል። ወጣቶች በሙያ ክህሎት በሚወዳደሩበት ወርልድስኪልስ በተባለው ዓለም አቀፍ መድረክም የአትክልት ሥፍራ ግንባታ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሳተፉበት ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው።

ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፓክስተን በለንደን ቺዝዊክ በሚገኘው የአትክልት ማኅበር ግቢ ተራ አትክልተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1826 በቻትስወርዝ ግቢ የአትክልት ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ፣ እዚያም ከ30 ዓመታት በላይ ቆየ። በዚያ አንድ ቦታ ላይ በተሰጠው ጊዜ የመስታወት ቤቶችን አሠራር እያሻሻለ ሄደ፤ በ1849 ቪክቶሪያ የተባለችው ግዙፍ የውኃ አበባ በእንግሊዝ አገር እንድታብብ አደረገ። በ1851 ለታላቁ ዓለም አቀፍ ትርዒት የተሠራውን የለንደኑን ክሪስታል ቤተ መንግሥት ንድፍ ያወጣው እሱ ነው። በ1847 የተከፈተውን የበርከንሄድን የሕዝብ መናፈሻም እሱ ነደፈ። ያን መናፈሻ በ1850 የጎበኘው አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድም በ1857 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ የተቀጠረው በሥራ ተቆጣጣሪነት ነበር፤ የመናፈሻውን ንድፍ ከካልቨርት ቮክስ ጋር ሆኖ ያሸነፈው በቀጣዩ ዓመት ነው። ፓክስተን በየወቅቱ ውሉ እየተቋረጠ ከግቢ ወደ ግቢ ቢንከራተት ኖሮ ያን ሁሉ የሚሠራበት ዕድል እንደማያገኝ ለእኔ ግልጽ ነው። በቡድኔ ውስጥ እጃቸውና ዓይናቸው እጅግ የሚያስደንቁኝ ወጣቶች አሉ። ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ የምናውቀው በአንድ ቦታ ላይ የሚቆዩበት ዓመታት ከተሰጣቸው ብቻ ነው።

በዚሁ ጉዳይ የሴቶች ባልደረቦቻችን ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። ችግኝ የሚያፈሉት፣ አረም የሚያርሙት፣ የአበባ መደቡን የሚያለሰልሱት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። የሣር ማጨጃ ማሽን፣ የአጥር መከርከሚያ ወይም የመስኖ መቆጣጠሪያ እንዲማሩ ግን አይጋበዙም፤ የተሻለ ክፍያ የሚገኘው ደግሞ ማሽን በያዘ እጅ ነው። የምንሠራባቸው ብዙ ቦታዎች ገና ያልተከፈቱ ስለሆኑ መጸዳጃ ቤት የላቸውም። አንዲት ባልደረባችን እርጉዝ ሆና ፀረ-አረም በሚረጭበት መደብ አጠገብ እንድታርም ተመደበች፤ ሌላ ቦታ እንዲሰጣት ስትጠይቅ ከሥራ ቀረች።

አራተኛው ሰውነታችን ነው። ከሩቅ ለሚያየን ሥራችን ንጹሕ አየርና አበባ ያለበት ይመስላል። በሞተር የሚሠራ መጋዝ ከ100 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በላይ ይጮኻል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለ8 ሰዓት የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፣ በ100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። እኛ የጆሮ መከላከያ ሳይኖረን ከጠዋት እስከ ማታ እንሠራበታለን። ከማሽኑ ወደ እጅ የሚተላለፈው ንዝረት የጣት ደም ሥሮችንና ነርቮችን ይጎዳል፤ መጀመሪያ ጣት ይደነዝዛል፣ ከዚያ በብርድ ጊዜ ይነጣል፣ እየቆየ አዝራር መቆለፍ ያስቸግራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ የእጅ የቀን የንዝረት ተጋላጭነት 2.5 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ5 ደግሞ እንዳያልፍ ደንግጓል። የእኛን ማሽኖች ንዝረት የለካልን ሰው የለም።

ስለ ኬሚካልም እንዲሁ። በፀረ-አረምነት በሰፊው የሚረጨውን ግላይፎሴትን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 «በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ» ከሚላቸው ነገሮች መደበው። የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪ አካላት በዚህ አልተስማሙም፤ ክርክሩ እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሳን ፍራንሲስኮ የተሰየመ ዳኞች ጉባኤ ግን፣ መድኃኒቱን ሲረጭ ኖሮ በካንሰር ለተያዘ አንድ የትምህርት ቤት ግቢ ሠራተኛ ፈርዶለታል። እዚህ ላይ የምናነሣው ቅሬታ ሳይንቲስቶቹ እስኪስማሙ የሚጠብቅ አይደለም። በእኛ ቡድን በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ክዳኑ እያፈሰሰ የባልደረባችን ጀርባ በኬሚካል ሲርስ ነው የሚውለው። የዕቃው ላይ ጽሑፍ በማናነበው ቋንቋ ነው። መታጠቢያ ስለሌለ ልብሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ከልጆቹ ልብስ ጋርም ይታጠባል።

ከፍታ ላይ ያለ ገመድ የሚደረግ ገረዛ፣ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ የሚቆረጥ ቅርንጫፍ፣ ያለ ድጋፍ የሚቆፈር የቧንቧ ቦይ አለ። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል፤ ደረት ድረስ የገባን ሰው ለመግደል ሙሉ በሙሉ መቅበር አያስፈልገውም። ከዚህ ሁሉ ጋር ሙቀቱ እየበረታ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ከ2.4 ቢሊዮን በላይ ሠራተኞች ለከፍተኛ ሙቀት እንደሚጋለጡ ገልጿል። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ጤናማና ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎ አጽድቋል። በእናንተ የሥራ ዝርዝር ሰንጠረዥ ውስጥ ግን ለጓንት፣ ለቦቲ፣ ለራስ ቁር፣ ለመታጠቢያ ውኃ የተመደበ መስመር የለም። መስመር ስለሌለው ተቋራጩ ከትርፉ ቀንሶ መግዛት አለበት፣ የገዛ ተቋራጭ ደግሞ ዋጋው ከፍ ብሎ ይወድቃል። እንግዲህ ጓንት አለማደሉ ጨረታ ማሸነፊያው ሆነ ማለት ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ደመወዝ ነው። ሥራው ከዋናው ተቋራጭ ወደ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከእሱም ወደ ሌላ ሲተላለፍ ገንዘቡ በየደረጃው ይቀንሳል፣ ይዘገያልም። «መሥሪያ ቤቱ አልከፈለንም» ይሉናል፤ እናንተ ደግሞ «ከፍለናል» ትላላችሁ። የደረቁ ችግኞች ዋጋ ከደመወዛችን የተቆረጠበት ወር አለ። ችግኞቹ የደረቁት የውኃ መስመሩ ለጥገና ተዘግቶ ስለነበር ነው፤ ይህን በደብዳቤ አስታውቀን ነበር። ተቋራጩ የእኛን ደብዳቤ አይቶት እንደሆነ እንኳ አልነገረንም፤ ቅጣቱን ከእናንተ ተቀብሎ ወደ እኛ አወረደው።

ለዚህ መፍትሔ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው 94ኛው ስምምነት የሚመለከተው በቀጥታ የመንግሥት ውሎችን ነው። መንግሥታዊ አካል በሚሰጠው ውል ውስጥ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓትና ሌሎች ሁኔታዎች በዚያው አካባቢ ለተመሳሳይ ሥራ ከተደነገገው እንዳያንሱ የሚያስገድድ አንቀጽ እንዲገባ ይጠይቃል። ንዑስ ተቋራጮችንም ይመለከታል። ተቋራጩ ደመወዝ ካልከፈለ ውሉን የሚያወጣው አካል ከክፍያው ላይ ይዞ ሠራተኞቹ የሚገባቸውን እንዲያገኙ ማድረግ እንዳለበትም ይደነግጋል። በዚያው ዓመት የወጣው 95ኛው ስምምነት ደግሞ ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ነገር በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በግልግል ውሳኔ በተወሰነው መሠረት ብቻ እንዲሆን ያዛል። አገራችሁ ስምምነቱን ፈረመችም አልፈረመችም፣ ይህን አንቀጽ በራሳችሁ ሰነድ ውስጥ ከማስገባት የሚከለክላችሁ ነገር አለ ብዬ አላምንም።

ዝቅተኛ ዋጋ የሕዝብን ገንዘብ ይቆጥባል የሚለውን መከራከሪያችሁን እናውቃለን። ያላግባብ ከሚወጣ ገንዘብ የሚጎዳው ሕዝብ እኛንም ይጨምራልና ሐሳቡን በቀላሉ አንመለከተውም። ነገር ግን በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ችግኝ የተከልንበት መንገድ አለ፤ ሦስቱንም ጊዜ በሦስት የተለያዩ ጨረታዎች፣ ሦስቱንም ጊዜ በዝቅተኛ ዋጋ። ለሦስቱ የወጣው ገንዘብ ተደምሮ ከአንድ የረጅም ጊዜ ውል ጋር ሲነጻጸር አላየንም፤ የሒሳብ ክፍሎቻችሁ አነጻጽረው ውጤቱን ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ እንጠይቃለን።

ከዚህ ተነሥተን የሚከተሉትን እንዲፈጸሙልን እናመለክታለን።

የእንክብካቤ ውል ዛፎቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ የሚቆይ፣ ቢያንስ የ3 ዓመት እንዲሆን፤ የመጨረሻው ርክክብም በተተከለው ሳይሆን በጸደቀው ቁጥር እንዲፈጸም። ተቋራጭ ሲለወጥ ነባሮቹ ሠራተኞች፣ ከፈለጉ፣ የአገልግሎት ዘመናቸው ተይዞላቸው በአዲሱ ተቋራጭ ሥር እንዲቀጥሉ በውሉ እንዲጻፍ። ከነባሩ ቡድን ወደ አዲሱ የሚተላለፍ የመስኖ ንድፍ፣ የአፈር ሁኔታና የተተከሉ ዛፎች መዝገብ የርክክቡ አካል እንዲሆን።

የደህንነት ዕቃ፣ የመታጠቢያና የመጸዳጃ ወጪ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ተሰጥቶት ዋጋው በእናንተ እንዲወሰን፣ ተወዳዳሪዎችም እንዳይነኩት። ኬሚካል የሚረጨው በሠለጠነ ሰው ብቻ እንዲሆን፣ ነፍሰ ጡሮች ከዚያ እንዲርቁ።

ለአትክልተኝነት ሥራ ከጀማሪ እስከ ቡድን መሪና ተቆጣጣሪ የሚደርስ የሙያ እርከን እንዲዘጋጅ፤ በልምድ የተማርነው ተፈትኖ ምስክር ወረቀት የምናገኝበት መንገድ ከሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት ጋር እንዲመቻች፤ በጨረታ ግምገማም የተመሰከረላቸው ሠራተኞች ያሉት ተቋራጭ ነጥብ እንዲያገኝ። የማሽን ሥልጠናው ለሴቶችም እኩል ይከፈት። በሞተር ይሠሩ የነበሩ መሣሪያዎች በባትሪ እየተተኩ ናቸው፤ የአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሚመረቱ አዳዲስ የቤንዚን ሣር ማጨጃዎችና ቅጠል መንፊያዎች በግዛቷ እንዳይሸጡ ደንግጋለች። አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ ነባሩን ሠራተኛ ማሠልጠን እንጂ ማሰናበት እንዳይሆን ከወዲሁ ይታሰብበት።

የመትከያ ወር በምረቃ ቀን ሳይሆን በባለሙያ ምክር እንዲወሰን፣ ለአረንጓዴው ሥራ የተያዘው በጀትም ለሌላ እንዳይዛወር። ደመወዝ ከአንድ ወር በላይ ሲዘገይ ከተቋራጩ ክፍያ ተይዞ በቀጥታ ለሠራተኛው የሚደርስበት አሠራር እንዲኖር፣ ለዚህም አቤቱታ የምናቀርብበት ስሙና ቢሮው የታወቀ አንድ ኃላፊ እንዲመደብ።

በመጀመሪያ የጠቀስነውን ውሳኔ ያሳለፈውን መሥሪያ ቤት ደግሞ፣ ቀጣዩን የጨረታ ሰነድ ከማውጣቱ በፊት የነባሩን ቡድን ተወካዮች ጠርቶ እንዲያነጋግር፣ ለዚህ ደብዳቤም በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። የውኃ አጠጪያችን የአፈሩን ነገር በቃል ሊያስጽፉ ፈቃደኛ ናቸው፤ የቫልቮቹንም ቦታ ዞረን ለማሳየት እኛ ዝግጁ ነን።

ከሰላምታ ጋር

የመናፈሻና የግቢ ማስዋብ ሥራ ቡድን መሪ፣
ስለ አትክልተኞች፣ ውኃ አጠጪዎች፣ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞችና የማሽን ኦፕሬተሮች